ለማይኖረው ሰዓት ስለተሰጠን ቀጠሮ

ለተከበሩ የዓይን ሆስፒታሉ የመረጃ ሥርዓት ኃላፊ፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ያለ እክል ለሚያገለግሉዎት ሁለት ዓይኖችዎ ጤንነትን በታላቅ አክብሮት እመኛለሁ። እኔ የአንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ። እናቴ በዓይን ሞራ ምክንያት በመርፌ ቀዳዳ ክር ማስገባት ካቃታት ቆይቷል፤ ለቀዶ ሕክምና ዓመት ሙሉ ወረፋ ጠብቃ ባለፈው ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቀጠሮ ነበራት።

እንደሚታወቀው በከተማችን በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት ይቀየራል፤ ቀኑ ሲያጥር አንድ ሰዓት ወደኋላ ይመለሳል፣ ሲረዝም ደግሞ አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል። የዘንድሮው መመለሻ የዋለው በቀጠሯችን ዋዜማ ነው። እርስዎም አዲሱ የቀጠሮ መመዝገቢያ ዳታቤዝ ከእንግዲህ የሰዓት ለውጡን ያለ ሰው እጅ በራሱ እንደሚያስተካክል በመግቢያው አዳራሽ ባሰቀሉት ትልቅ ማስታወቂያ አብስረውናል። ለእናቴ ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ ቆማ መርቃዎታለች። ምስጋናዬን እንደሚከተለው በተራ ላቅርብ።

፩. ዳታቤዙ ቃሉን አክብሮ ቀጠሮዎቹን ሁሉ በትክክል አስተካክሏል። ለዚህ የማመሰግንዎት ከልቤ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትን ግን እንደዚያ አድርገው እንዳያነቧቸው።

፪. የምሥራቹ ለታማሚ፣ ለአስታማሚና ለመንገደኛ ሁሉ ሲነገር፣ በጓሮ በር ለሚገቡት የካርድ ክፍል ሠራተኞች ብቻ ሳይነገራቸው ቀርቷል። እነርሱም የድሮው ኮምፒውተር ሰዓት መቀየር ስለማያውቅ ለዓመታት እንደለመዱት፣ እሑድ ዕረፍታቸውን ትተው ገብተው የሰኞን ቀጠሮዎች አንድ በአንድ በእጃቸው አንድ ሰዓት ወደኋላ መለሷቸው። የተስተካከለው ዳግመኛ ተስተካከለና የእናቴ ሦስት ሰዓት ሁለት ሰዓት ሆነ። እንዲህ ያሉ ትጉህ ሠራተኞች ስላሉዎት እንኳን ደስ ያለዎት።

፫. የሆስፒታሉ በር የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። እኛ ከዚያ ቀድመን ደርሰን፣ ደረጃው ስለሚቀዘቅዝ ካርቶን አንጥፌላት፣ በተዘጋው በር ፊት ተቀምጠን ሳለ ዳታቤዙ እናቴን «ቀርታለች» ብሎ መዝግቦ፣ አሁንም ያለ ሰው እጅ፣ ተራዋን ለሌላ ሰጥቷል። ሐኪሙ፣ ነርሷና የበሩ ቁልፍ ሳይቀሩ ባልነበሩበት ሰዓት የቀረችው እናቴ ብቻ መሆኗን ስላረጋገጡልን ሥርዓትዎን ሳላደንቅ አላልፍም።

፬. መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል፣ «እማማ፣ ሲስተሙ ቀርተዋል ነው የሚለው» ስትላት፣ አፍንጫዋ ሥር የቆመችው እናቴ ይቅርታ ጠየቀቻት። እኔ ጮህኩ፤ ይህን አልደብቅም። የጮህኩትም መዝገቡን ለማስተካከል ሳይሆን ልጅቷ ለአንድ አፍታ ቀና ብላ እንድታያት ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ፣ «ልጄ፣ ሥራ አስፈታሁሽ። ዓይኔ ነው ጉድ የሠራን፤ ሰዓቱን አሳስቶኝ ይሆናል» አለችኝ። አይደለም ብዬ ብምልላት አላመነችኝም፤ ኮምፒውተር የሚያህል ነገር ዋሽቶ እርሷ እውነት ትናገራለች ብላ አታስብም። እነሆ ከዚያን ቀን ወዲህ የግድግዳውን ሰዓት ደጋግማ እየጠየቀችኝ፣ ትክክል ማየቷን ትፈትናለች። የተቀማችው ተራዋን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላስቸገርኩዎት።

ስለዚህ ሁለት ነገር በትሕትና እለምናለሁ። አንደኛ፣ ሰው በሚኖርበት ሰዓት ቀጠሮ ይሰጣት። ሁለተኛ፣ ከእርስዎ ቢሮ አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ ደውሎ «ዓይንዎ አልተሳሳተም» ይበላት። ይኼኛው በራሱ የሚሠራ አይመስለኝም፤ የሰው እጅ፣ ቢቻልም የሰው አፍ ይፈልጋል።

የሥራ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ዳታቤዝዎ በፈቀደው ማናቸውም ሰዓት ከፍ ያለ አክብሮቴ እንዲደርስዎ እመኛለሁ።

የልብስ ሰፊዋ ልጅ

ሳልረሳው፦ ዳታቤዙ ለእናቴ ያገኘላትን ክፍት ቦታ በስልኬ ልኮልኛል። ቀኑ ሰዓት ወደፊት የሚገፋበት እሑድ፣ ሰዓቱም ከሌሊቱ ስምንት ተኩል ነው። በዚያ ሌሊት ከስምንት በቀጥታ ወደ ዘጠኝ ስለሚዘለል፣ ስምንት ተኩል የሚባል ሰዓት አይኖርም፤ እስካሁን ማንም ያልያዘው ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ለእናቴ ግን ይህን አልነገርኳትም፤ እርስዎ ሲደውሉ ይነግሯታል። እርሷ እንደሆነች ዳግመኛ እንዳናረፍድ ብላ፣ ካርቶኑን እንዳልጥለው አደራ ብላኛለች።