ዓይኗን የማትጨፍነው ልጅ

አዋሳ፣ ታቦር ሰፈር
ኅዳር 18 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለአባይነሽ፣ አሰብ፤

ሰላምታዬ በዚያ ሙቀት መካከል በጤናሽ ያግኝሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ከእኔ ጋር ጡረታ የወጣ ይመስል ዳገቱ ላይ ያቆመኛል። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም፤ ሾፌሩ ግዛቸው በእጅሽ ያደርስልሻል። አንብበሽ ስትጨርሺ አታስቀምጪው።

የምጽፍልሽ ስለ ብርቅዬ ነው። ልጅሽ ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው። በንባብ እኩዮቿን ትቀድማለች፤ መደመር ላይ ትቸኩላለች፤ እልኸኛ ናት። ይህን የምልሽ እንደ አስተማሪ እንጂ እንደ አያት አይደለም። ክፉ ልጅ ግን አይደለችም። ቀጥሎ ያለውን ስታነቢ ይህን እንዳትረሺ አስቀድሜ ጻፍሁት።

ጸሎት ቤታችን እንደተዘጋ ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ በየተራ በየቤቱ እንሰበሰባለን። ዝማሬ የለም። ጎረቤት ከጠየቀ ለቅሶ ልንደርስ ነው የመጣነው እንላለን፤ ይህን ያህል ሰው እንዴት እንደሚሞትብን ሳይገርማቸው አይቀርም።

ብርቅዬ ስንጸልይ ዓይኗን አትጨፍንም። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲጨፍን እሷ ቀና ብላ ታያለች። ይህን ያወቁባት ወይዘሮ ሙሉጌጥ ናቸው፤ እርሳቸው እንዴት እንዳዩዋት የጠየቀ የለም። መከርኳት፣ ተቆጣኋት፤ አልሆነም። አንድ እሁድ ወይዘሮዋ ልጅቷ እዚያው ቆማ ሳለ፣ በኃጢአት የተፀነሰ ነገር ጸሎት ያስፈራዋል አሉ። ወደ ቤት ስንመለስ እጄን ይዛ፣ «አባባ፣ እኔ ነገር ነኝ?» አለችኝ።

ከዚያ የጉባኤው ሽማግሌ አቶ ጉልላት እኛ ቤት ድረስ መጡ። አንቺ በጉባኤ ፊት ቆመሽ የልጅቷ አባት ማን እንደሆነ ስላልተናገርሽ ሸክሙ በልጅቷ ላይ ወርዷል አሉ። ወይ እጅ ተጭኖባት ይጸለይላት፣ ወይ ቱላ ዘመድ ዘንድ ትሂድ። «እርስዎ መምህር ነዎት፤ ይገባዎታል» አሉኝ። ምን እንደሚገባኝ እንጃ። ደክሞኝ ነበር፤ ቱላ ከምትሄድ ብዬ በጸሎቱ ተስማማሁ። እጁን እንዲጭንባት የተመረጠው ወንጌላዊው ወንድም ኩማ ነው። ከእስር ከተፈታ ወዲህ ሁሉም ያከብረዋል።

ባለፈው እሁድ ተራው የእኛ ቤት ነበር። ብርቅዬን መሐል በርጩማ ላይ አስቀመጧት። ኩማ እጁን ራሷ ላይ አደረገ። ጸሎቱ ሳይጀመር አቶ ጉልላት በለስላሳ ድምፅ ጠየቋት።

«ብርቅዬ፣ እንደ ሰው ዓይንሽን የማትጨፍኚው ለምንድን ነው?»

«ወንድም ኩማም አይጨፍንም» አለች። «እናንተ ስትጨፍኑ እኔን ያየኛል። አንዳንዴ ያለቅሳል። እኔም ከጨፈንኩ ብቻውን ይሆናል።»

ወይዘሮ ሙሉጌጥ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ እንደገና አስተካከሉ። የኩማ እጅ እዚያው ልጅቷ ራስ ላይ ቆየ። ከዚያ «እሷ ላይ ምንም የለም» ብሎ ወጣ። ሌሎቹም ሻዩን ሳይጠጡ አንድ በአንድ ሄዱ።

ማክሰኞ ጠዋት ተመልሶ መጣ። ግባ ስለው አልገባም፤ አጥሩ ጋ ቆሞ አድራሻሽን ጠየቀኝ። ለምን እንደፈለገው አልጠየቅሁትም። አንቺንም ያኔ አልጠየቅሁሽም። እሷን ሳላስፈቅድ አልሰጥም አልኩት። «ልክ ነዎት፣ ጋሼ» አለ እንጂ አልተቆጣም። ብርቅዬ ግቢ ውስጥ ገመድ ትዘል ነበር። ስትደናቀፍ እሱም አብሮ ደነገጠ።

እነ አቶ ጉልላት ስብሰባው ከእንግዲህ በእኛ ቤት እንዳይሆን ወስነዋል። ይሁን። እሁድ እሁድ ሁለታችን እንጸልያለን፤ እሷ እንደፈለገች ትጸልይ።

አሁን የምጠብቀው ከአንቺ አንድ ቃል ነው፤ በግዛቸው በኩል ላኪልኝ። ስጠው ካልሽ አድራሻሽን እሰጠዋለሁ። አትስጠው ካልሽ ደግሞ ያ ሰው እያለቀሰ ቢለምነኝም አልሰጥም። የትኛውንም ብትመርጪ ምክንያትሽን አልጠይቅም። ብርቅዬ ግን ቱላ አትሄድም።

ጌታ በሥራሽም በእንቅልፍሽም ይጠብቅሽ። ባሕሩ ደግ ይሁንልሽ፤ ልጅሽን ለማየት ያብቃሽ።

አባትሽ
ማቴዎስ