የማይከደኑ ዐይኖች

ጥር 19 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ እንጅባራ

የሟች ወንድሜ ልጅ ትርንጎ ለኮርቻ ሱቄ ማስታወቂያ እንዲሆን በጌም መሥሪያ ሶፍትዌር የሠራችውን አጭር ፊልም ዛሬ አሳየችኝ። ጋላቢው አባቷ ነው፤ ከፎቶው አስመስላ ሠርታዋለች። አቧራው፣ የፈረሱ ጋማ፣ የኮርቻው ጌጥ ሁሉም ልክ ነው። ገበያ ይስባል ብዬ አሰብሁ። ከዚያ ፊቱ ቀረበ።

«ዐይኑን ለምን አይከድንም?» አልኋት።

«ሶፍትዌሩ ለሩጫ እንጂ ለፊት አልተሠራም፣ አጎቴ። ላስከድነው ስል ጉንጩ ይቀደዳል። እርስዎ ደግሞ! ኮርቻውን አይተው ዝም አይሉም?»

ያን ዐይን ነፍሱ እንደወጣች በዚህ እጄ የከደንሁት እኔ ነበርሁ። ነገ እናቷ ሱቅ መጥታ ፊልሙን ታያለች። ባሏ እንደዚያ አፍጥጦ እንዲያያት አልፈለግሁም።

«ከጀርባው አሳዪው» አልኋት። ወዲያው ለወጠችው። አሁን እየጋለበ ይርቃል፤ ኮርቻውም ከኋላ ሲታይ ይበልጥ ያምራል። ለሱቁ ይህ ይሻላል።

እስከ መጨረሻው ግን አላየሁትም። ፊቱን ያዞራል ብዬ ፈራሁ።