ድምፅህ የመጣበት አቅጣጫ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ለምወድህ ልጄ፣ ባለህበት፤

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም። እሑድ በሬድዮ ደህና ነኝ ብለኸኛል፤ ድምፅህም ደህና ነው። እንዲያውም ከልክ በላይ ደህና ነው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

"ጀመራት ደግሞ" እንዳትል። ጠርጣራ መሆኔን አልክድም። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "አንቺ እኮ የራስሽን ጥላ መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ" ይለኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ ሥራዬ ነው ያስለመደኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አውሮፕላን ማረፊያው የሬድዮ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ከፓይለቶች ጋር ስነጋገር፣ "እዚህ ደርሻለሁ" የሚለኝ ሰው አለመድረሱን ከድምፁ ነበር የማውቀው። እኔ ጡረታ ወጣሁ እንጂ ጆሮዬ ጡረታ አልወጣም።

ነገሩ የጀመረው ከአቧራ ነው። የዛሬ ዘጠኝ ወር ጭነት መርከብ ላይ የሬድዮ ሠራተኛ ሆነህ ልትሄድ ስትል፣ ይሄን በኮምፒዩተር የሚሠራ መስሚያ ሬድዮ ገጠምክልኝ፤ እኔ የማወራበት ማሰራጫ ለብቻው ነው። ከአንቴናው ጋር ደግሞ ያቺን የክብሪት ሣጥን የምታህል ማጉያ ጨመርክልኝ። "እማ፣ ከውቅያኖስ መሀል ነው የማወራሽ፤ ድምፄ ደክሞ ነው የሚደርሰው፤ ያለ ማጉያዋ ምንም አትሰሚም" አልከኝ። ባለፈው ወር ጠረጴዛውን ሳጸዳ የማጉያዋ የመብራት ገመድ ተነቅሎ ከጠረጴዛው ጀርባ ወድቆ አገኘሁት። አቧራ ለብሷል። በጣቴ ጠረግ አድርጌ አየሁት፤ የአራት እሑድ አቧራ ነው፣ ቢያንስ። መብራት ያጣች ማጉያ ደግሞ ድምፅ ታፍናለች እንጂ አታሳልፍም። እኔ ግን አራቱንም እሑድ ሳልህን ሳይቀር ሰምቻለሁ።

ጥርሴን ነክሼ እሑድን ጠበቅኩ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ እንደ ልማድህ መጣህ፤ ስለ ማዕበሉ ታወራ ጀመርክ። አንተ ስለ ማዕበሉ ስታወራ እኔ አንቴናውን ከነገመዱ ፈትቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ሬድዮው ባዶውን ቀረ። አንተ ግን አሁንም ታወራለህ! "ወጥ ቤቱ ውስጥ ሳህኑ ሁሉ ረገፈ" ትለኛለህ።

ደግሞም ያ የምትጠቀምበት ሞገድ ፀሐይ ከገባች በኋላ ከሩቅ አይመጣም። ይሄን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ይወጣል ይወርዳል፣ አንዳንዴም ቃል ይውጣል። ያንተ ድምፅ ግን ከአጥር ማዶ እንደሚያወራ ጎረቤት ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አንተን አይደለም፣ ሙት! ልጄን አንድ ነገር አድርገውት ሌላ ሰው ድምፁን አስመስሎ ያወራኛል ብዬ ነበር። ያን ሳምንት እህል በአፌ አልዞረም። ለዚያ ነው በሚቀጥለው እሑድ "የድመታችንን ጭራ ምን ቆረጠው?" ብዬ ድንገት የጠየቅኩህ። ሳቅክና "በር ነው እማ፤ የዘጋሽውም አንቺ ነሽ፤ በኔ ነበር ያላከክሽው" አልከኝ። አንተ ነህ። ከአንተ በቀር ይሄን የሚያውቅ የለም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን አንተ ከሆንክ የምትዋሸኝም አንተ ነሃ!

ሰኞ በጠዋት ሬድዮ ጠጋኙ ጋ ሄድኩ። ሽቦ የምንለውን፣ ያን ቀጫጫውን ታውቀዋለህ። "ድምፅ ከየት እንደሚመጣ የሚያሳይ ነገር አለህ?" አልኩት። "ማንን ልትይዢ ነው እትዬ?" አለኝ። "አንተ ዕቃህን ስጥ" አልኩት። ከመደርደሪያው ሥር አንዲት ሣጥን አወጣ፤ ከኔው ሬድዮ ጋር የምትቀጠል ናት። አራት አንቴና በአራት ማዕዘን ይተከልላታል፤ እሷ አራቱን በየተራ በፍጥነት እያቀያየረች ታዳምጥና፣ ድምፁ በየት በኩል እንደመጣ ኮምፒዩተሩ ላይ በመስመር ታሳያለች። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ተከለልኝ። ገመዶቹ አራቱም እኩል ካልሆኑ ትዋሻለች ስላለኝ ሜትር ይዤ ሥሩ ቆሜ አስለካሁት። ሁለት ጊዜ።

እሑድ መጣህ። መርከቤ አለችበት ያልከኝ ውቅያኖስ ከኛ በስተምዕራብ ነው። መስመሯ ግን ወደ ምሥራቅ ዞረች፤ ከተማውን አቋርጣ ወደ ባቡር ጣቢያው። ኮምፒዩተሩን አዞርኩት እኮ፣ እንደ ሞኝ! አንተ "ዛሬ ባሕሩ ጸጥ ብሏል" ስትል መስመሯ ንቅንቅ አላለችም።

በማግሥቱ እሳት ጎርሼ ሽቦ ሱቅ ደረስኩ። "የሸጥክልኝ ቆርቆሮ ነው፤ ወይም አውቀህ አበላሽተኸዋል" አልኩት።

"እትዬ፣ እኔ አንቺን ሸውጄ የት እገባለሁ?" አለ። "ነይ እንፈትናት።"

እኔን ኮምፒዩተሩ ጋ አስቀመጠኝና የእጅ ሬድዮ ይዞ በሞተሩ ሰፈሩን ይዞር ጀመር። መስመሯ እግር በእግር ተከተለችው። ፋርማሲው ጋ ነኝ ሲል ፋርማሲው ላይ፤ ትምህርት ቤቱ ጋ ነኝ ሲል ትምህርት ቤቱ ላይ። በመጨረሻ "ዳቦ ቤቱ ጋ ነኝ" አለ። መስመሯ ግን ወደ ፀጉር ቤቱ ነው የምታሳየው።

"ትዋሻለህ፣ ፀጉር ቤቱ ጋ ነህ!" አልኩት።

"አየሻት? ልፈትንሽ ብዬ ነው!" አለና ሳቀ። እኔ ግን ኩምሽሽ ብዬ ቀረሁ። ሽቦ ሐቀኛ ነው። ሣጥኗም ሐቀኛ ናት። የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ።

አንድ መስመር አቅጣጫ እንጂ ቦታ አይናገርም። ስለዚህ "በሚመጣው እሑድ ማሰራጫዬ ጥገና ይገባል፤ አንተ ብቻ አውራ፣ እሰማሃለሁ" ያልኩህ ውሸት ነበር፤ አንድ ለአንድ ነን። ሣጥኗን፣ ሬድዮውን፣ አራቱን አንቴና ተሸክሜ አክስትህ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። አክስትህ "አብደሻል፣ በዚህ ዕድሜሽ ከመሰላል ወድቀሽ ልታስጨርሺን ነው" እያለች መሰላሉን ያዘችልኝ። አንተ መጣህ። ብቻህን ስለሆንክ ይሁን አላውቅም፣ ስለ ባሕር አላወራህም። "እማ፣ እንደማትመልሺልኝ ዐውቃለሁ፤ በጣም ናፍቀሽኛል" አልክና ደህና ነኝ ብለህ ዘጋህ። አክስትህ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። እኔ መስመሯን እያየሁ ነበር። እንዲህ ያለች እናት ነች ያለችህ።

ካርታ ላይ ሁለቱን መስመሮች አሰመርኩ። የተገናኙት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ መጋዘኖቹ መንገድ ላይ ነው። ከቤታችን በሁለት አውቶቡስ።

ትናንት ሄድኩ። ምን እንደጠበቅኩ ልንገርህ? ሴት ነው የጠበቅኩት። ሚስት፣ ምናልባትም ልጅ። ካልሆነም ፖሊስ የሚፈልገው ነገር ውስጥ ገብተሃል ብዬ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ሁሉንም ስድብ አዘጋጅቻለሁ፣ በየተራው። አንገቴን ወደ ላይ አድርጌ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ስሄድ ከአንድ ብረታ ብረት መጋዘን በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ቀጭን የአንቴና ሽቦ አየሁ። ጫፉ የታሰረው ሁለት ጊዜ ዞሮ ወደ ኋላ በተመለሰ ቋጠሮ ነው። በዚያ ቋጠሮ የሬድዮ ክፍል ባልደረቦቼ ይስቁብኝ ነበር፤ ከኔና ከአንተ ሌላ የሚያስረው ሰው አላውቅም። ወደ በሩ ሄድኩ፤ ጥበቃው አየኝና ወንበሩን ለቀቀልኝ።

"ላይ ቤት ማን ነው የሚኖረው?" አልኩት።

"መርከበኛው? ምነው፣ ታውቂዋለሽ እንዴ እናቴ?"

"መርከበኛ ነው?"

"ኧረ ስም አውጥተንለት ነው። ለመርከብ ሥራ ተቀጥሮ፣ ሊሳፈር ሲል ሐኪሞቹ ጆሮውን መርምረው መለሱት። ግራው ጭራሽ አይሰማም። አሁን እዚሁ ጭነት ያወርዳል። ጨዋ ልጅ ነው። እሑድ እሑድ ብቻ በሩን ዘግቶ ከናቱ ጋር ያወራል፤ ማንም እንዲያንኳኳበት አይፈልግም።"

ያን ጊዜ አንተ ጋሪ እየገፋህ ከመጋዘኑ ወጣህ። ከስተሃል። ጥበቃው በብረቱ ጫጫታ መሀል፣ በግራህ በኩል ጮክ ብሎ ጠራህ፤ አልዞርክም። ሦስት ጊዜ ጠራህ። ልጄ፣ አጠገብህ ነበርኩ፣ የአሥር እርምጃ ያህል። እኔም ስምህን ልጠራ ብዬ ተውኩት። ጋሪህን እየገፋህ ከማዶው በር ገባህ። እኔ ተነሥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የግራ ጆሮህ። ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሳስብ አነጋሁ። ስድስት ዓመትህ ነበር። ግራ ጆሮህን በእጅህ ይዘህ "እማ፣ አመመኝ" አልከኝ። የፈተና ሳምንት ስለነበር ትምህርት ቤት ላለመሄድ ነው ብዬ ጠረጠርኩህ። "እኔን አታታልለኝም" ብዬ ቦርሳህን አስይዤ ላክሁህ። በማግሥቱም። በሦስተኛው ቀን ትራስህ ላይ መግል አይቼ ነው ሐኪም ቤት የወሰድኩህ። ዳነ አሉኝ፣ እኔም ዳነ አልኩ። ሁሉን የምጠረጥር ሴትዮ ያንን ሳልጠረጥር ሃያ ዓመት ኖርኩ። አንተ ግን አለመዳኑን ታውቅ ነበር፤ ሁልጊዜ በግራዬ በኩል የምትራመደው፣ ማዳመጫውን ወደ ቀኝ የምትገፋው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ለኔም ያልነገርከኝ ለምን እንደሆነ ገባኝ። ምክንያቱ እኔ መሆኔን እንዳላውቅ ነው። ዘጠኝ ወር ባሕር ላይ የኖርከው እኔን ከራሴ ለመሸሸግ ነው፣ አይደል?

ይቅር በለኝ የኔ ልጅ። ያን ጊዜ ላምንህ ይገባ ነበር። ሌላው ሁሉ ቀላል ነው። "ልጄ ውቅያኖስ ላይ ነው" ብዬ የሰፈሩን ሰው ጆሮ ያደነቆርኩት እኔ ነኝ፤ የማስተባብለውም እኔው ነኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ትስቃለች፣ ትሳቅ። ጭነት ማውረድ ነውር አይደለም፤ የዋሸኸኝም ውሸት ካየኋቸው ውሸቶች ሁሉ የከፋው አይደለም። ስለ ሳህኖቹ የነገርከኝ ግን በጣም ጥሩ ነበር፤ አምኜህ ነበር።

ጉልበትህን ይባርከው። የምታነሣው ሸክም አይክበድህ፣ የምትገባበት በር አይዘጋብህ። ከኔ የተረፈ ዕድሜ ካለ ላንተ ያድርገው።

ጠርጣራዋ እናትህ

ደብዳቤውን ፖስታ ቤት አልወሰድኩትም። ይቺን የመጨረሻዋን መስመር የምጽፈው በጥበቃው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው፤ ረቡዕ ጠዋት ነው። አሁን ጥበቃው ይዞልህ ይወጣል። ይህን ስታነብ እኔ ከመንገዱ ማዶ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ዛሬ መውረድ ካልቻልክ አልቀየምህም፤ ነገም እመጣለሁ፣ ከነገ ወዲያም። መስኮቱን ብቻ ከፍተህ እየኝ። አልጠራህም፤ አንተ ስትጠራኝ እሰማለሁ።