ኤልመር የኢንካ ነው ያለው ክምር

ልጄ ሩፊኖ፣ ማድሪድም ብትሆን የተራሮቻችን ጥበቃ አይለይህ። እኛ ደህና ነን፤ ድንቹን ውርጭ ቢመታውም የምንበላው አላጣንም። አባትህ ጉልበቱን ስለሚያመው፣ የኢንካ ፍርስራሽ ሊያዩ የሚመጡትን ቱሪስቶች ድንኳን በበቅሎ የምጭነው እኔ ነኝ። ከተራራው አናት በደረስኩ ቁጥር፣ እንደ ልማዳችን፣ መንገድህ እንዲቀና አንድ ድንጋይ አኖርልሃለሁ። ከሄድክ ወዲህ ክምሩ ቁመቴን አልፏል።

ትናንት አስጎብኚው ያጎትህ ልጅ ኤልመር «ይህን የከመሩት ኢንካዎች ናቸው፤ አምስት መቶ ዓመቱ ነው» ሲላቸው ቱሪስቶቹ ክምሩን ፎቶ አነሱት።

«አንተ ቀጣፊ፣ የእኔ ክምር እኮ ነው!» ብዬ ብቆጣው፣ «ኧረ ዝም በይ አክስቴ፣ ደስ ብሏቸዋል!» አለኝ።

እኔም ሳቅሁ። ስወርድ ግን ዞር ብዬ ሳየው እውነትም ያረጀ መሰለኝ።

ምድር እናታችን ትባርክህ፤ ብርዱን አትናቀው። የኤልመር ቅጥፈት እውነት ከመሆኑ በፊት መጥተህ እየኝ።