ጠይቀው ወደ ወጡበት ደጅ የተመለሱት ወይዘሮ ቤርሳቤ ደሞዝ

ወይዘሮ ቤርሳቤ ደሞዝ ከአባታቸው ከአቶ ደሞዝ ጥዑመልሳን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የትናየት አለማየሁ ጥር 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በወሎ ክፍለ ሀገር፣ በየጁ አውራጃ ተወለዱ። ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ድርቁ ቤተሰቡን ከቀዬው ነቅሎ ወደ ጋምቤላ አመጣውና በአቦቦ አካባቢ ሰፈሩ። አባታቸውን በመጀመሪያው ክረምት ወባ ወሰዳቸው፤ እናታቸውም ዓመት ሳይሞላ ተከተሉ። ያን ጊዜ የጎን ጎጆ ጎረቤት የነበሩት የአቶ ረድዋን ወላጆች ቤርሳቤን ከልጆቻቸው ጋር ቀላቅለው አሳደጓቸው። ቤቱ የእስልምና ተከታይ ቤት ቢሆንም በሁዳዴ የእሳቸው የጾም ወጥ ለብቻው ይሠራ ነበር። ይህን ታሪክ የጻፈውም በዚያ ቤት ታናሽ ወንድማቸው ሆኖ ያደገው ረድዋን ነው።

ትምህርታቸውን በአቦቦ ጀምረው በጋምቤላ ከተማ በ1989 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ቀጥሎም በስታቲስቲክስ በዲፕሎማ ተመርቀው ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በመረጃ ሰብሳቢነት፣ በኋላም በሱፐርቫይዘርነት ሠርተዋል። መጠየቅ ሥራቸው ብቻ ሳይሆን ተፈጥሯቸውም ነበር። ለቅሶ ቤት ሄደው እንኳ የሟቹን ዕድሜ ከሦስት ሰው ሳያጣሩ አይመለሱም ነበርና፣ ዛሬ የራሳቸው የሕይወት ታሪክ ሲነበብ የትውልድ ዓመቱን በምስክር ወረቀት አረጋግጠን ነው የጻፍነው።

በ1995 ዓ.ም. ከጤና ባለሙያው ከአቶ ወንዶሰን ፍሬሰንበት ጋር ጋብቻ ፈጽመው በተከታዩ ዓመት ልጃቸውን ናዝሬትን ወለዱ።

በ2011 ዓ.ም. ልጅ ወላጁን፣ ወላጅም ልጁን እንዴት እንደሚደግፍ በስድስት አገሮች የሚያወዳድር ጥናት ሲጀመር ወይዘሮ ቤርሳቤ ለጋምቤላ ሱፐርቫይዘር ሆነው ተመረጡ። ሥራው እጅግ ያስደንቃቸው ነበር። ባሕር ማዶ ያለች አሮጊትና ማታር ላይ ባሮ ወንዝ ዳር ያለች አሮጊት በአንድ ወር አንድ ዓይነት ጥያቄ መጠየቃቸውን፣ መልሳቸውም በአንድ ገጽ ጎን ለጎን መቀመጡን ሲያወሩ እራታቸው ይቀዘቅዝ ነበር።

በሥልጠናው ላይ መመሪያውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። መመሪያው ከአንድ ድስት የሚበሉ ሰዎች አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ የራሱ ጎጆና የራሱ ምድጃ ያለው ለብቻው ይመዝገብ ይላል። ከሠልጣኞቹ አንዱ፣ የኢታንጉ ሩአች፣ እጁን አውጥቶ «እትዬ ቤርሳቤ፣ ምግቡ ከአምስት ድስት ከመጣስ?» ሲል ጠየቀ። የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበርና «መመሪያው የሚለውን መዝግብ» ብለው አለፉት። ወይዘሮ ቤርሳቤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያልረሷት መልስ ይህች ናት።

በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ውጤት ሲመጣ፣ ከስድስቱ አገሮች ሁሉ ጧሪ የሌላቸውና ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት የበዙት በጋምቤላ ሆኖ ተገኘ። ብዙዎች ጊዜው ከፋ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለእሳቸው ግን አልዋጥ አላቸው። ሩአችን ይዘው ኢታንግ አጠገብ፣ «ብቻቸውን የሚኖሩ» ተብለው ወደ ተመዘገቡት ወደ እማማ ኛሉዋክ ደጅ ሄዱና ከጠዋት ጀምረው ተቀመጡ። የእማማ ኛሉዋክ ምራቶች በየራሳቸው ጎጆ ያበስላሉ። ከአንዷ ቤት ዓሣ መጣ፤ ከሌላዋ የበቆሎ ገንፎ፤ ከሦስተኛዋ ወተት። እንግዶቹም ብሉ ተብለው በሉ። አመሻሹ ላይ የልጅ ልጆች ምንጣፋቸውን ይዘው ከአያታቸው ጋር ሊያድሩ ገቡ። ወይዘሮ ቤርሳቤ በደንቡ መሠረት ብቻቸውን ይኖሩ እንደሆነ ደግመው ሲጠይቁ እማማ ኛሉዋክ እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ። ሩአችም «እሷ ራሷ ከሦስት ቤት በልታ ነው ብቻሽን ነሽ የምትለኝ? ትላለች» ብሎ ተረጎመላቸው።

የጾም ወጡ በሌላ ድስት እየተሠራ የሰው ቤት ልጅ ሆኖ ያደገ ሰው፣ የሌላውን ሰው ቤተሰብ በድስት ቆጥሮ ሰረዘ ማለት ለእሳቸው ከባድ ሐዘን ነበር። ወዲያው ለጥናቱ ቢሮ «ሩአች ጠይቆኝ ነበር፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ» ብለው ጻፉ። ቢሮው መረጃው እንደተዘጋ ነገራቸው፤ ይከፈት ብለው ከጸኑ የሚቀጥለው ዙር ኃላፊነት ለሌላ እንደሚሰጥም አልደበቃቸውም። ልጃቸው ናዝሬት ዩኒቨርሲቲ የምትገባበት ጊዜ ተቃርቦ ገንዘቡ ያስፈልጋቸው ነበር። እሳቸው ግን የዓመት ፈቃዳቸውን ወሰዱና ከሩአችና ከሌላው መረጃ ሰብሳቢ ከኦጆት ጋር፣ በሞተር፣ በጀልባና በእግር፣ ብቻቸውን ይኖራሉ ወደ ተባሉት ወደ መቶ ሠላሳ አንዱ አዛውንት ደጅ ሁሉ ተመለሱ። በየደጁም ከጥያቄው በፊት ይቅርታ ይጠይቁ ነበር። ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ፈጀባቸው።

ከመቶ ሠላሳ አንዱ በእርግጥ ማንም የሌላቸው ዘጠኝ ብቻ ሆነው ተገኙ። ቢሮውም በመጨረሻ ቁጥሩን አረመ። በስድስቱም አገሮች መጠይቅ ላይ «ዛሬ የበሉት ምግብ ከማን ቤት መጣ?» የሚል ጥያቄ ተጨመረ። ከአቦቦ ጎጆ የወጣች ወላጅ አልባ ልጅ ዓለም የሚጠየቀውን ጥያቄ ለወጠች! ይህ እስከ ዛሬ ያስገርመናል። ለሚቀጥለው ዙር ግን አልተጠሩም። ቅር አላላቸውም ብንል ውሸት ይሆናል፤ ሁለት ቀን ከቤት አልወጡም።

በሦስተኛው ቀን የዘጠኙን ስም በወረቀት ጽፈው ወጡ። ለአምስቱ በየመንደራቸው ጎረቤት በተራ ምግብ እንዲያደርስ አስማምተው በየወሩ እየሄዱ ጠየቋቸው። አራቱን ደግሞ ጋምቤላ በሚገኘው ግቢያቸው ጎጆ ሠርተው አስገቧቸው። አቶ ወንዶሰን መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ኋላ ጣሪያውን የከደኑት እሳቸው ናቸው።

ወይዘሮ ቤርሳቤ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በጋምቤላና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው ማክሰኞ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በአርባ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን አቶ ወንዶሰንን፣ ልጃቸውን ናዝሬትን እና ወንድማቸውን ረድዋንን ትተው አልፈዋል።

በግቢያቸው የገቡት አራቱ አዛውንት፣ እማማ ኛቦትና ሦስቱ ባልንጀሮቻቸው፣ በመጠይቁ ላይ ጧሪ ቀባሪ የለንም ብለው ነበር። ጧሪ አገኙ። ዛሬ ግን እነሱው ቀባሪ ሆነው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከአስከሬኑ ጎን በቤተሰብ ቦታ ቆመዋል። ሰውን ሁሉ በስሙ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ይደምርልን፤ ለእነዚህ ልጅ ለቀበሩ እናቶችም መጽናናትን ይስጥ።