ደምለውን በሞተበት ዕለት ስላስታጠቃችሁልን

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የዜና ክፍል ዋና አዘጋጅ
ባሉበት

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ የስቱዲዮው መብራትና የዜና አንባቢዎ ከረባት ሁሉ ደህና እንደሚሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ከይጁቤ ወዲህ ያለን ገበሬዎች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከሞቱት በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

እኔ እንዳላማው ቢተው እባላለሁ፤ የቀበሌያችን ዕድር ጡሩምባ ነፊ ነኝ። ሥራችን አንድ ስለሆነ ደፍሬ ጻፍኩልዎ። ሰው ሲሞት ጉብታው ላይ ወጥቼ እነፋና የሟቹን ስም፣ የአባቱን ስምና የሚቀበርበትን ደብር እናገራለሁ። ከመናገሬ በፊት ግን ሬሳው ካለበት ቤት ገብቼ ፊቱን በዓይኔ አያለሁ። ይህ ኋላ ቀር አሠራር መሆኑ የገባኝ የእናንተን ዜና ከሰማሁ ወዲህ ነው።

ባለፈው ወር ጎረቤቴ ደምለው አካለ ወልድ ማረሻውን አስቀጥቅጦ ከገበያ ሲመለስ ሁለት ወገን በሚታኮስበት መካከል ገብቶ ተመትቶ ሞተ። ጣቢያዎ በዚያው ዕለት ስሙን ጠርቶ «አንድ ታጣቂ ተደመሰሰ» አለ። ስለዚህም ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ደምለው ዕድሜውን ሙሉ ጠመንጃ ሲመኝ የኖረ ሰው ነው፤ ለሠርጉ የተኮሰው እንኳ በውሰት ነበር። እርስዎ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስታጠቁልን። በማግስቱም ባላንጣችሁ የሆነው የባሕር ማዶ ጣቢያ «ጀግናው ተዋጊያችን ተሰዋ» ብሎ ሁለተኛ ጠመንጃ ጨመረለት። በምንም ነገር የማትስማሙ ሁለት ጣቢያዎች በደምለው ጠመንጃ መስማማታችሁ ለአገር ሰላም ትልቅ ተስፋ ነው።

፪ኛ. በእኛ ዘንድ የሟች መሣሪያ በለቅሶው ዕለት አደባባይ ወጥቶ ይለቀስበታል። ዜናዎን ሰምተው ከሩቅ የመጡት አጎቱ «ጠመንጃው ወዴት አለ? አውጡትና እናልቅስበት እንጂ!» አሉ። ባለቤቱ ወለተ ሐዋርያት ወደ ጓዳ ገብታ ማረሻውን በነጠላዋ ጠቅልላ አመጣችና መሐል ላይ አኖረችው። በሥራዬ ምክንያት ብዙ ለቅሶ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አልቅሼ አላውቅም።

፫ኛ. ለቀብሩ ከቄሶቹ ሌላ ስምንት ወንድ ብቻ ተገኘ። የቀረው «ለታጣቂ አለቀስህ» እንዳይባል ፈርቶ ቤቱ ዋለ፤ እኔም አልፈርድበትም። ሬሳውን ተፈራርቀን ተሸከምነው። አርባው የፊታችን ሚካኤል ነው። ወለተ ሐዋርያት የምትለምነው ካሳ ሳይሆን፣ ሰው ሳይፈራ መጥቶ ነፍስ ይማር እንዲል፣ ከዚያ ቀን በፊት «ደምለው ገበሬ ነበር» ብላችሁ እንድትናገሩላት ብቻ ነው። ይህንኑ ሦስት ጊዜ ጽፈን ልከን መልስ አላገኘንም።

ስህተት ማንንም ያገኛል፤ እኔም በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ። በሰው ወሬ ብቻ ተነሥቼ፣ ታመው የተኙትን አባ መሳፍንትን ሞቱ ብዬ ነፋሁ። ያን ዕለት በነፋሁበት ጉብታ ሁሉ ዞሬ «ተሳስቻለሁ፤ አባ መሳፍንት በሕይወት አሉ» እያልኩ ለፈፍኩ። ከዚያም እንደ አገራችን ወግ በማጅራቴ ድንጋይ ተሸክሜ ደጃቸው ወደቅኩና ይቅር አሉኝ። ፊት ሳላይ መንፋት የተውኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

የእኔ ጡሩምባ ከወንዙ ማዶ የማትሰማ፣ የእርስዎ ግን ባሕር የምትሻገር መሆኗን እያሰብኩ፣ በሙያ ወንድምነት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

እንዳላማው ቢተው
የዕድር ጡሩምባ ነፊ

ማሳሰቢያ፦ ምናልባት ይቅርታ ሊጠይቁ አስበው በከተማ ድንጋይ ቸግሮዎት ከሆነ አይጨነቁ፤ ደምለው መቃብር ላይ ከከመርነው አንዱን አንሥተን እንልክልዎታለን።