አፍንጫሙ ናፍጣ

ሰኞ፣ ጥቅምት 8። 11 ሰዓት
የጎልማሶች ክፍል። አሥራ ዘጠኝ ሰው፣ ግማሹ ከማሳ ከነጭቃው። የዛሬው ትምህርት ባቡር። ባቡር ታይቶ በማይታወቅበት ጂንካ ላይ፣ ደብተሬ! የመጽሐፉ ሥዕል የሚያጨስ ምድጃ ይመስላል። ትቼው በጠመኔ አራት ዓይነት ሣልኩ። ጭስ ማውጫ ያለው፣ የእንፋሎት። ረጅም አፍንጫ ያለው፣ የድሮው ናፍጣ። ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነው፣ አዲሱ ናፍጣ። ራስ የሌለው፣ ሞተሩ ከተሳፋሪው ጋር በአንድ ፉርጎ የሚሄደው፣ ኦቶራይ። እኛ ድሬዳዋ ሕፃን ሁሉ ይለያቸዋል። ከገዘር መንደር የሚመጣው ገበሬ አቶ ጳውሎስ ከብት የሚገጨው የትኛው እንደሆነ ጠየቀኝ። ሁሉም አልኩት።
ካኮ ገበያ ቅቤ የምትሸጠው ወ/ሮ አስቴር አራቱንም ለየች። እንደ ደንባችን ሦስት ጊዜ አጨበጨብንላት።

ማክሰኞ
የቀበሌው ሬዲዮ። ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ የነበረ የተሳፋሪ ባቡር ተገልብጧል። ነጂው ሞቷል። ስም የለም።
አባዬ የባቡር ነጂ ነው። እዚህ ከአንቺ በቀር፣ ደብተሬ፣ የሚያውቅ የለም።
ኦቶራይ ከሆነ እሱ አይደለም፤ ራስ የሌለውን አልነዳም ይላል። ጠፍጣፋውም ከሆነ አይደለም፤ የወጣቶቹ ነው። አፍንጫሙ ላይ የቀረው ግን እሱ ብቻ ነው።
ስልክ ቤት ሄድኩ። መስመር የለም። ምሳ በላሁ። ምን እንደበላሁ አላስታውስም።

ሐሙስ
ዛሬም መስመር የለም። ኦቶራይ ነው ብዬ ወሰንኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ዓርብ። 11 ሰዓት
አውሮፕላኑ ከብቶቹ ከሜዳው ከተባረሩለት በኋላ አረፈ። ጋዜጣ መጣ። ሌላ ጊዜ መጀመሪያ እኔ ነኝ የማነበው። ዛሬ ፈራሁ። ሳልገልጠው ለንባብ ልምምድ ለክፍሉ ሰጠሁ።
ወ/ሮ አስቴር ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆመች። በጎኑ የተኛ ባቡር፣ ፎቶግራፍ። ሥዕሎቼ ከሰኞ ጀምሮ ሰሌዳው ላይ ናቸው፤ ጋዜጣውን ይዛ ሄዳ አስተያየች።
«መምህር፣ ይሄ ራስ አለው። አፍንጫም አለው። የድሮው ናፍጣ ነው።»
ሄጄ አየሁ። ትክክል ነሽ አልኳት።
አጨበጨቡ። ሦስት ጊዜ። እኔም አጨበጨብኩ፣ እጄ ለምዶት ነው።

ቅዳሜ
ለዳይሬክተሩ ነገርኩት። ፈቃድ ሰጠኝ። ወሬው ወዲያው ተዳረሰ። ወ/ሮ አስቴር ቅቤዋን ሳትሸጥ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ምነው ባልለየሁት አለች። እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ አልኳት። አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።
ማክሰኞ በአውሮፕላን እሄዳለሁ። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ በባቡር ነው፣ ሐዲዱ ከተጠገነ። የትኛው እንደሚስበን ሳላይ ልሳፈር ወስኛለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ደብተሬ፣ አባዬ መጀመሪያ መለየት ያስተማረኝ በድምፃቸው ነው።